የሳንጃ እንጨት የሚበላው አምላክ

እንጨቱ ማድቤት አልገባም። ይህችን ነገር ልብ ያልኳት ዘግይቼ ነው፤ እናቴ ፊቷ ቢጫ ከሆነ፣ ቅቤ በማንኪያ መዋጥ ከጀመረችና እኔን ማቀፍ ካቆመች በኋላ።

አያ ማንያዘዋል ከሳንጃ ቆላ የሚመላለስበትን አሮጌ ኤንትሬ የጭነት ማኪና ጎረቤታችን እትዬ ሸዋረጋ በር ላይ ያቆማል። ከሰሊጡ ጆንያ ላይ አንድ እስር እንጨት ያወርድና ተሸክሞ ይገባል። እንጨት የተሸከመ ሰው ወደ ማድቤት ነው የሚሄደው። እሱ ግን ማድቤቱን በስተግራ ትቶ፣ ቀጥ ብሎ በዋናው ቤት አልፎ ጓዳ ይገባና ባዶ እጁን ይወጣል። ቆይቶ ከጓዳው ጭስ ይወጣል። ጭስ ብቻ። ወጥ አይወጣ፣ እንጀራ አይወጣ። ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ምንም አልታየኝም ነበር።

ዛሬ የልጅ እናት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ልጄ ሕይወት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካልሲዋ ተገልብጦ ካየሁ፣ ጫማዋን ለምን እንዳወለቀች፣ የት እንዳወለቀች፣ ማን እንዳየ ሳላጣራ ምሳ አላቀርብም። ባሌ "አንቺስ መርማሪ ነበር መሆን የነበረብሽ" ይለኛል። ይበል። የእሱ እናት በአምላክ ከመበላት ለጥቂት የተረፈች አይደለችም።

ያኔ ሰፈራችን ፀዳ እንደዛሬው ቤት በቤት አልነበረችም። ከባሕር ዳሩ መንገድ ወረድ ብሎ ጥቂት የጭቃ ቤቶች፣ ከዚያ የሽንብራ ማሳ፣ ከዚያ ጅብ። እናቴ ደብሪቱ አዘዞ ገበያ አንድ በረንዳ ላይ የስፌት ማኪናዋን ዘርግታ ትሠራለች። አባቴ ዳኛው እኔ ገና ድክ ድክ ስል ሰሊጥ ሊያጭድ ሳንጃ ወረደ፤ ወባ ያዘው፤ እዚያው ቀረ። መልኩ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ሳንጃ የሚባል ሰው የሚውጥ ቦታ መኖሩ ነው።

እኔና እናቴ የቤቱን ሥራ ተከፋፍለናል። ሌላው ሁሉ የእሷ ነው፤ በሩን መቆለፍ የእኔ። እሷ ከቆለፈችው ተነስቼ እየሄድኩ መቆለፉን ስለማረጋግጥ፣ ሰልችቷት "በይ እንግዲያው ቁልፉ የአንቺ ይሁን" ብላ ሰጠችኝ። መቀርቀሪያውን አስገባለሁ፣ በርጩማ አስጠጋለሁ፣ በርጩማው ላይ ብረት ድስት አስቀምጣለሁ፤ ሌባ በሩን ከገፋ ድስቱ ወድቆ እንዲጮህ። ከሁሉ በኋላ ቁልፉን ሁለቴ አዞራለሁ።

"እንኩ፣" ትለኛለች እናቴ፤ ሙሉ ስሜ እንኳየሁ ነው። "ሌባስ ቢመጣ ከዚህ ቤት ምን ሊወስድ ነው?"

"አንቺን።"

ትስቃለች። እኔ አልስቅም።

አምላኩን ያሳየችኝ ወለላ ናት። ወለላ የእትዬ ሸዋረጋ የእህት ልጅ ስትሆን በዕድሜ ከእኔ ትንሽ፣ በውሸት ግን በብዙ ትበልጣለች። አንድ ቀን ቆሎዬን አይታ "ካካፈልሽኝ አንድ ነገር አሳይሻለሁ፤ ግን ከጮህሽ እኔ የለሁበትም" አለችኝ። ወደ ጓዳው ጀርባ ወሰደችኝ። ግድግዳው ላይ ምርጉ የረገፈበት ስንጥቅ አለ። ዓይኔን አስጠጋሁ።

መሬቱ ላይ አፍ ነበር። ክብ አፍ፤ ከንፈሩ ሸክላ፣ ውስጡ ፍም። እትዬ ሸዋረጋ ጎንበስ ብላ ከሳንጃው እንጨት አጎረሰችው፤ ዋጠው፤ ጭሱን ተነፈሰ። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ እንዲህ ያለ አፍ፣ እዚያ ላይ የብርድ ልብስ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ የሴት ራስ። ራስ ብቻ። ራሱን አውቀዋለሁ፤ የእትዬ ታየች ራስ ነው፤ ትናንት ሽንኩርት ሊበደር ቤታችን መጥቶ ነበር። አሁን ዓይኑን ጨፍኖ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል፤ በአንገቱ ዙሪያ ጭስ ይተናል።

"ሌላው አካሏ የት ሄደ?" አልኳት ወለላን።

"ተበላ" አለች ቆሎዬን እየቆረጠመች።

"ይመለሳል?"

"እንደ ሴትዮዋ ነው። ሸጋ ከሆነች ይመልስላታል። ቆዳዋን ግን ያስቀራል።"

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ታየችን ወንዝ መንገድ ላይ አገኘኋት። እጅም እግርም ነበራት። ጉንጯ ላይ ግን ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተልጦ፣ ከሥሩ ወርቅ የመሰለ ቢጫ ወጥቷል። ወለላ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እውነት ብትናገር ይህንን ነው ብዬ አመንኩ።

"ስሙ ማን ነው?" ብዬ ስጠይቃት "ስሙ አይጠራም" አለች፤ አላሰበችበትም ነበርና። እኔ ደግሞ ስም የሌለውን ነገር መፍራት ይከብደኛል። ስለዚህ ራሴ ስም አወጣሁለት። ከፍምና ከምድር ቆርጬ ገጣጥሜ ፍምድር አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሃይማኖቱን እኔና ወለላ እየተጋገዝን አደላደልነው። ፍምድር ከመሬት በታች ይኖራል፤ ዓይን ስለሌለው ሰው የሚመርጠው በሽታ ነው። አፉ ብዙ ነው፣ ሆዱ አንድ ነው፤ የሆዱ ጫፍ ሳንጃ ነው። (ይህችን የጨመርኳት እኔ ነኝ፤ አባቴ የት እንደገባ መልስ ስለሚሆን።) እንጨት ያስለመደው አያ ማንያዘዋል ነው። ቄሱ እትዬ ሸዋረጋ ናት። ምእመናኑ ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ቅቤ ተቀብተው ይገባሉ፣ ሲወጡ ተከናንበው፣ ግድግዳ ታክከው፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ። ነፋስ ከነካቸው ፍምድር ይቆጣል። ነፋስ ጠላቱ ነው። ወለላ በየትምህርቱ መጨረሻ ለፍምድር መባ የሚሆን ቆሎ ትሰበስባለች፤ መባውን ራሷ ታደርስለታለች።

የአገራችን ሴቶች ይህን ብታነቡ አሁን ሆዳችሁን ይዛችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። አዎ፣ ወይባ ነው። የቆላ እንጨት፤ በጉድጓድ የሚጨስ፤ ሙሽራ ለቆዳዋ፣ አራስ ለወገቧ የምትሞቀው። ጉድጓዱ ላይ ትቀመጪያለሽ፣ እስከ አንገትሽ በብርድ ልብስ ትሸፈኛለሽ፣ አለቀ። ወለላ ዛሬ ፒያሳ አካባቢ የሴቶች የውበት ሳሎን አላት፤ በሩ ላይ "ባህላዊ የወይባ ጭስ" የሚል ማስታወቂያ ሰቅላለች። ቀጠሮ ልይዝ ስደውልላት "ፍምድር ዛሬ ወረፋ በዝቶበታል፣ ነገ ነይ፤ ቆሎ እንዳትረሺ" ትለኛለች። ሳሎኗ ስገባ ዛሬም መጀመሪያ የማየው መውጫው የት እንደሆነ ነው።

ይህን ሁሉ ግን ያኔ ማን ነገረኝ?

ከገና ጥቂት ቀደም ብሎ እናቴ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ እትዬ ሸዋረጋ ታጠፈች። ወገቤን አሞኝ ነው አለች። ስትመለስ ተከናንባ ግድግዳ ታክካ ነው። ላቅፋት ስሮጥ "አትንኪኝ እንኩ፣ ላብ ላይ ነኝ" ብላ አልፋኝ ገባች። ሽታዋ ሌላ ነበር። አጥሚት ጠጣች፣ ቅቤ በማንኪያ ዋጠች፣ ተኛች። ይህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደጋገም ጀመር፤ እናቴም ከቀን ወደ ቀን ቢጫ እየሆነች ሄደች።

ሌሎች ምልክቶችም ነበሩ፤ ሁሉንም መዝግቤ በሆዴ ይዣለሁ። ስትሰፋ ማዜም ጀመረች። ከመስታወት ፊት ቆማ ጠጉሯን ወደ ኋላ ትይዘዋለች፣ ትለቀዋለች። ወጥ እያማሰለች ብቻዋን ፈገግ ትላለች፤ አንድ ቀን ፈገግ እንዳለች ወጡ አረረ። ሰው በጤናው ወጡ አርሮበት ፈገግ ይላል?

ከሁሉ የባሰው ግን በመስኮት የሰማሁት ነው። እትዬ ሸዋረጋ ቤት ጨው ልመልስ ሄጄ፣ ሁለቱ ውስጥ ያወራሉ።

"እስከ አስተርእዮ ማርያም ትደርሻለሽ" ትላለች እትዬ ሸዋረጋ። "ትከሻሽ ሸጋ ሆኗል። ክርንሽ ነው ያልበሰለ።"

"ኧረ ተይኝ ሸዋረጋ፣ የልጅ እናት ሆኜ እንደ ልጃገረድ ጉድጓድ ላይ! ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ሲልሽ ከርሞ ምን ጨመረልሽ? ይልቅ እሱ ቸኩሏል።"

"ልጅቱስ?"

"ምነው፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? እሷንም አልተዋት ብሏል። ሁለቱንም ነው የምወስደው ነው ያለኝ፣ በዚህ ጆሮዬ።"

"እኔ እኮ የምፈራው እሷኑ ነው። ጠርጣራ ናት።"

"መጀመሪያ ታለቅሳለች፣ ኋላ ትለምደዋለች። ያልለመደ አላየሁም።"

ጨዉን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ሮጥኩ። ያን ዕለት ማታ እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ክርኗን በጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት። ደረቅ ነው። ገና ነው።

ዓይኗን ገለጠች። "ምነው እንኩ?"

"አልበሰለም።"

"ምኑ?"

ክርኗን ለቅቄ ተሸፋፈንኩ። እሷም ሳቀች፤ በጨለማ ውስጥ፣ እንደ ልጃገረድ፣ አፏን በነጠላ አፍና። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። የመጨረሻው ምልክት ነው አልኩ በሆዴ።

በነጋው መምሬ አድማሴ ዘንድ ሄድኩ። የእናቴ ነፍስ አባት ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጸሐይ ይሞቃሉ። መስቀል ተሳልሜ ቁጭ አልኩና ሳልዞር ነገርኳቸው።

"መምሬ፣ እናቴን ሊወስዳት ነው።"

"ሰምቻለሁ ልጄ።"

"ሰምተዋል?"

"ምነው አልሰማ? እኔው ዘንድ መጥቶ አይደል የተማከረ።"

"እርስዎ ዘንድ መጣ? በምን?"

"በማኪና ነዋ።"

ፍምድር ማኪና እንደሚነዳ ወለላ አልነገረችኝም ነበር። "ታዲያ ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ፤ ሸጋ ነው አልኩት። እስከ መቼ ብቻዋን ትኖራለች? ውሰዳት፣ ግን በደንብ ያዛት አልኩት።"

አጥሩን ያዝኩ። "እኔንም እኮ ሊወስደኝ ነው!"

"እንዴታ! ጥሎሽ ሊሄድ ኖሯል?"

"መምሬ፣ ያቃጥላል እኮ!"

መምሬ አድማሴ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ማነው ደሞ ይኸን ለሕፃን የሚነግር! መጀመሪያ መጀመሪያ ያቃጥላል ልጄ። ሲቆይ ይበርዳል። የእኔና የእናታችንማ ከበረደ ቆየ።"

መምሬም ከነሚስታቸው ተይዘዋል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ማን ይኬዳል? አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የዘይት ጀሪካናችንን ዘርግቼ "ጠበል ይስጡኝ" አልኩ።

"ለምን ይሆናል?"

"ለቤት።"

"ጎበዝ!" አሉና ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞሉልኝ። "አዲስ ኑሮ በጠበል ነው የሚጀመር። እናትሽ የታደለች ናት።"

ዛሬ ቆሜ ሳስበው፣ የዚያን ቀን ነገር ሁሉ የተበላሸው ሽማግሌዎቹ በጊዜ በመምጣታቸው ነው። በእኛ አገር ለከሰዓት የተቀጠረ ሰው ሲመሽ ይመጣል። እናቴ ዘመዶቿ ጭልጋ ስለሆኑ፣ ልትጠየቅ የታሰበው እንደ ወላጅ ቤት በሆነላት በእትዬ ሸዋረጋ ቤት ነው። እትዬ ሸዋረጋም "እስኪመጡ ክርንሽን አንዴ" ብላ ጉድጓዱ ላይ አስቀምጣታለች። ሽማግሌዎቹ ግን አያ ማንያዘዋል በማኪናው ጭኖ ስላመጣቸው በሰዓቱ ደረሱ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ እስከ አንገቷ ተሸፍና እንዳለች፣ መነሳት አልቻለችም፣ ማሳልም አልቻለችም።

እኔ ይህን የት አውቄ። የማውቀው ቤት ስገባ እናቴ አለመኖሯን፣ የእትዬ ሸዋረጋ ጓዳ መጨሱን፣ የሳንጃው ማኪና በር ላይ መቆሙን ነው። ጀሪካኑን በሁለት እጄ አቅፌ ሮጥኩ።

ሳሎኑ ውስጥ መምሬ አድማሴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመዋል። እትዬ ሸዋረጋ "ተቀመጡ" ትላለች፤ እነሱ "የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም" ይላሉ። በእግሮቻቸው መሃል ሾልኬ መጋረጃውን ገለጥኩ።

የእናቴ ራስ ኮረብታው ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ተጨፍኗል። ሌላው የለም።

"እናቴን መልስ!" ብዬ ጮህኩ።

እናቴ በድንጋጤ ብድግ አለች። እግር ነበራት! ሁለት እግር! ገና ሙሉውን እንዳልዋጣት ገባኝ፤ በሰዓቱ ደርሻለሁ። ከአፉ ላይ እንደተነሳች ጀሪካኑን ገልብጬ ጠበሉን በሙሉ የፍምድር ጉሮሮ ውስጥ ደፋሁት።

አምላክ ሲሞት ምን እንደሚል ሰምታችሁ አታውቁም። እንደ ተቆጣ ድመት ፍሽሽ አለ፣ እንደ በሬ አጓራ፣ ከዚያ አስነጠሰ። አመድና እንፋሎት ጣራ ድረስ ወጥቶ እኔ ላይ፣ እናቴ ላይ፣ በመጋረጃው አልፎ ሽማግሌዎቹ ላይ ወረደ። አንደኛው ሽማግሌ "ቤቱ ተቃጠለ!" እያለ ወደ ውጭ ሮጠ። ያን የሰሙ ጎረቤቶች ባልዲ ባልዲ ውሃ ይዘው መጡና ደህናውን ጣራ ያጠቡት ጀመር። መምሬ አድማሴ መስቀላቸውን አውጥተው ወዲህም ወዲያም ይባርካሉ፤ ምኑን እንደሚባርኩ ግን ጭሱ አያሳያቸውም።

በዚህ መሃል አንድ ትልቅ እጅ ከወገቤ አንስቶ ወደ ደጅ አወጣኝ። አያ ማንያዘዋል ነው። ፊቴን ያገላብጣል፣ እጄን ያያል፣ "ተቃጠልሽ? እንኩ፣ ተቃጠልሽ ወይ?" ይላል። እኔ የማየው የፍምድርን እንጨት አቀባይ ነው። ያለ የሌለ ጥርሴን ሰብስቤ እጁ ላይ ነከስኩት።

"እናቴን አልሰጥም!" አልኩ። "ለማንም አልሰጥም!"

ጣራ ላይ የነበረው ባልዲ እንኳ ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መምሬ አድማሴ አመዱን ከጢማቸው እያራገፉ ቀስ ብለው "እንግዲህ... መልስ ተሰጠን" አሉ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ግማሽ ፊቷ ቢጫ፣ ግማሽ ፊቷ አመድ። አያ ማንያዘዋልን አየችው። የተነከሰ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ሰምታችኋል" አለች። "ልጄ ካልፈቀደች እኔ የለሁበትም።"

እጄን ይዛ በባዶ እግሯ ወደ ቤታችን ጎተተችኝ። ከኋላችን እትዬ ሸዋረጋ "ኧረ ነፋሱ! ነፋስ ይመታሻል ደብሪቱ! ያ ሁሉ ጭስ! ክርኗ እኮ ገና..." እያለች ትጮሃለች።

እናቴ ታጠበች። ልብስ ቀየረች። ቤት ባስቀመጠችው አሮጌ የስፌት ማኪና ፊት ተቀምጣ የተቆረጠ ቀሚስ ትሰፋ ጀመር። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስክታመሰግነኝ ጠበቅኩ። ከሞት ያዳንኳት እኔ ነኝ። እሷ ግን አላመሰገነችኝም፤ አልተቆጣችኝምም። ከሁሉ ያስፈራኝ ግን አለማዜሟ ነው። ፍምድር ሞቷል፣ እናቴ ሙሉ ናት፣ በቤቱ ውስጥ ግን ከማኪናው ድምፅ በቀር ምንም የለም።

"ለምን አታዜሚም?" አልኳት።

"ምኑን?"

"አሁን እኮ አይበላሽም። ገድየዋለሁ።"

እግሯ ፔዳሉ ላይ ቆመ። "ማንን ነው የገደልሽ?"

ነገርኳት። ስለ አፉ፣ ስለ እትዬ ታየች ራስ፣ ስለ ሳንጃው ሆድ፣ ስለ ክርኗ አለመብሰል። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ትከሻዋ ይነቃነቅ ጀመር። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ቀሚሱን ፊቷ ላይ ጭና ሳቀች፤ መሃል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረ፤ እኔም ሳቅ ነው ብዬ አብሬያት ስቄ ስጨርስ ነው ዓይኗን ያየሁት።

ተነስታ እትዬ ሸዋረጋ ጓዳ መልሳ ወሰደችኝ። እጄን ይዛ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተችው። ርጥብ አመድ። የከሰለ ጉማጅ። ከንፈሩ ግማሹ የተሰበረ የእንስራ አንገት ነው።

"ይኸውልሽ አምላክሽ" አለች። "ሙሽራ የምትሞቀው ጭስ ነው።"

"ሙሽራ ማን ናት?"

ቢጫው በፊቷ ላይ ቀላ።

"አያ ማንያዘዋል ላግባሽ ብሎኝ ነው።"

"የሳንጃው?"

"የሳንጃው።"

"ይሞታል።"

ሌላ እናት ብትሆን "አይሞትም" ትላለች። እኔ ራሴ ዛሬ ለሕይወት ስንቱን አይሆንም እያልኩ እምላለሁ። እናቴ ግን አልዋሸችኝም። አመዱን ከጣቶቼ መሃል በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች "ይሞታል እንጂ፤ ሰው አይደል?" አለች። "እስከዚያው ግን ሲመሽ ቤቱ ይገባል።"

አሰብኩ። ብዙ ነገር አሰብኩ።

"በሩን ማን ይቆልፋል?"

"አንቺ።"

"በርጩማውንስ?"

"አንቺ።"

"ድስቱንስ?"

"ስለ ድስቱ እንነጋገራለን" አለች እናቴ።

በነጋው ብቻዬን ኤንትሬው ዘንድ ሄድኩ። አያ ማንያዘዋል ጎማ ይነፋል፤ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሲያየኝ የተጠቀለለውን እጁን ወደ ኪሱ አስገባ።

"ጥርስሽ ሸጋ ነው" አለኝ። "ሰባራም የለበት።"

"ሳንጃ ሲያድሩ አጎበር አለዎት?"

"አለኝ።"

"ያሳዩኝ።"

ከወንበሩ ጀርባ ጎትቶ አወጣው። ዘርግቼ ቀዳዳ ፈለግሁ። አንድ አገኘሁ፤ ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ቀና ብዬ እሱን አየሁት። እሱም ቀዳዳውን አየ። አልሳቀም። "እናትሽ ትጥፈዋለች፣ እሷ እሺ ካለች" አለ።

"በየቀኑ ይሰቅሉታል?"

"በየቀኑ።"

"ይማሉ።"

ኮፍያውን አወለቀ፣ በተጠቀለለው እጁ አማተበ፣ በመድኃኔዓለም ማለ። አጎበሩን አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ወደ እናቴ በረንዳ ሄድኩ። ማኪናዋ ላይ ዘረጋሁላት። ቀዳዳውን አየችው። የማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ክር ስታስገባ የመርፌው ዓይን አልገኝ ብሏት ሦስት ጊዜ ሳተች፤ ከዚያ እየጣፈች፣ መጀመሪያ በጣም ዝግ ብላ፣ ታዜም ጀመር።

ሠርጉ ከአስተርእዮ ማርያም በኋላ ባለው እሑድ ሆነ። ትንሽ ድንኳን፣ ብዙ ጠላ። እትዬ ሸዋረጋ የመጣውን እንግዳ ሁሉ የእናቴን ፊት እያሳየች "ነፋስ ባይመታት ከዚህም ትበልጥ ነበር" ትላለች። መምሬ አድማሴ ጠበል በሚረጩበት ጊዜ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዕቃውን ወደ ደረታቸው ጠጋ አድርገው ያዙት።

ሲመሽ እንግዳው ሄደ። እናቴ ማሾውን አበራች። እኔ በሩን ልዘጋ ስወጣ አያ ማንያዘዋል ደጅ መደቡ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። በአዲስ ኮቱ፣ ጉልበቱን ገጥሞ፣ እንደ እንግዳ።

"ለምን አይገቡም?" አልኩት።

"የቁልፉ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉኝ። እስክትጠሪኝ ነው።"

መንገዱን ወደ ላይ አየሁ፣ ወደ ታች አየሁ። ጅብም ሌባም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሌላ ምክንያት እየፈለግሁ ነበር፤ አላገኘሁም።

"ይግቡ አያ፤ ልቆልፍ ነው።"

ጫማውን አውልቆ ገባ። ዛሬም እዚያው ቤት ነው ያለው፤ አርጅቷል፣ ሳንጃ መሄድ ከተወ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ጀንበር ስትጠልቅ እደውልና "ገቡ ወይ?" እለዋለሁ፤ እሱም "አጎበሩም ተሰቅሏል" ይለኛል፤ ፀዳ ላይ ወባ እንደሌለ ሁለታችንም እያወቅን።

መቀርቀሪያውን አስገባሁ። በርጩማውን ላነሳ ስል ባንዱ ጫፍ ያዘልኝና አስጠጋነው። ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ፤ ብረት ድስቱን ከመደርደሪያው አውርዶ ራሱ በርጩማው ላይ አስቀመጠው፤ እንዳይንቀሳቀስ አስተካከለው። እናቴ ከወዲያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየናለች።

"እንኩ፣" አለኝ ዝግ ብሎ፣ "ይሄ ሁሉ ጥበቃ፤ ሌባ ቢመጣ ከዚህ ቤት ምን ሊወስድ ነው?"

ዞር ብዬ አየሁ። እናቴን፣ መብራቱን፣ በሩ ሥር ጎን ለጎን የቆሙትን ሦስት ጥንድ ጫማዎች።

"እኛን" አልኩትና ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት።